ጉሎ ዘይት የጠጡ ሾኮች

እናቴ ዳሌዋን የሰበረችው የመኪናዬን መሪ ቆጥ ላይ ስትደብቅ ነው። ይህን ለወጌሻው፣ ለጎረቤቱ፣ በኋላም ለሐኪሙ ተናግሬዋለሁ። ሰሚው ሁሉ መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ቀጥሎ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወደ ግድግዳው ይዞራል። አልፈርድበትም። እኔ ግን አንድም ቀን አልሳቅሁም፤ መሪውን ከመኪናው የነቀልኩት እኔ ነኛ።

ጦርነቱ ወደ ሐብሩ እየቀረበ ነው የተባለ ሰሞን ሰው እህሉን ቀበረ፣ ከብቱን ወደ ቆላ ነዳ። እኔ የምቀብረው ብዙ እህል አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ከግራና ገበያ ሽንኩርትና ማንጎ እየጫንኩ መርሳ፣ አንዳንዴም ወልድያ የማደርስበት፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማያንስ መኪና። መኪና አይቀበርም። ስለዚህ ፈታታሁት። ጎማዎቹን የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ከተትኩ፣ ባትሪውን እህል ጉድጓድ ውስጥ አወረድኩ፣ የኋላ ሁለቱን ሾኮች ደግሞ በፌስታል ጠቅልዬ ከበረቱ ጀርባ ቀበርኩ። ሾክ ለምን እንደቀበርኩ ዛሬም አላውቅም። መኪና ጉድጓድ ሲመታ እንዳይዘልል የሚይዘውን፣ ያን ዘይት የተሞላ ቱቦ ብሎ ሰው ቤት የሚገባ ወታደር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰው ሲደነግጥ እጁ የነካውን ሁሉ ይቀብራል።

«መሪውን ለኔ ስጠኝ» አለች እናቴ። «ቆጥ ላይ አወጣዋለሁ። ቆጥ ላይ መኪና የሚፈልግ ማን አለ?»

«ተይው እማ፣ እኔ አወጣዋለሁ።»

«አንተ ጎማህን ደብቅ።»

አገዳው ውስጥ ወገቤ ድረስ ገብቼ ሳለሁ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ መሪው ቆጡ ላይ ጥጉን ይዞ፣ በአሮጌ ጋቢ ተሸፍኖ በክብር ተቀምጧል። እናቴ ከመሰላሉ ሥር ወድቃለች። «መሪህ ደኅና ነው» አለችኝ። ከዚያ ጥርሷን ነከሰች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በዝርዝር አላወራውም። ወታደር መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ መጣ። ከጓሮ በር ጥግ ያስቀመጥኳት ባለ ዐሥር ሊትር ጀሪካን ሙሉ ናፍጣዋ በዚያው ሰሞን ጠፋች፤ የወሰዳትን ሰው ከነዘሩ ረገምኩት። አንድ ቀን አንድ ወጣት ወታደር ግቢያችን ገብቶ በድንጋይ ላይ የተቀመጠውን የመኪናዬን ሬሳ ዞሮ ዞሮ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «መኪና ነበር» አልኩት። «የት ሄደ?» አለ። መልሱን ግን አልጠበቀም፤ ከማንጎው ዛፍ ሁለት ቆርጦ ወጣ።

እናቴ ያን ሁሉ ወቅት በጀርባዋ ተኝታለች። ወጌሻው አሽቶ፣ አስሮ፣ ፈትቶ ተስፋ ቆረጠ። መቆም አልቻለችም። ሐኪም ቤት አልነበረም፤ የመርሳውም የወልድያውም ባዶውን ቀርቷል ይባል ነበር። በዚያ ላይ ሁለት ጎረቤቶቻችን በየተራ ሞቱ። ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል በሦስትና በአራት ሰው ብቻ ተቀበሩ። እናቴ ለዳሌዋ ስታለቅስ አላየኋትም፤ ለዚህ ግን አልቅሳለች። «ቅሬ ያለው ሰው እንዲህ ይቀበራል?» ትል ነበር፣ ጣሪያውን እያየች።

ቅሬ እኛ ጋ የመንደሩ ማኅበር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም ይሸከማል፣ የቀረውን ይቀጣል። በደንባችን በሽተኛ የተኛበት ቃሬዛ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ሳይደርስ መሬት አይነካም፤ ትከሻ ከትከሻ እየተቀባበለ ይሄዳል። ያሳረፈ ወዮለት። ዳኛችን እንደ አባቴ የማያቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ።

ጦሩ ለቆ ከወጣ ከሳምንታት በኋላ ወልድያ ላይ የአጥንት ሐኪም ከአዲስ አበባ እንደመጣና የሚቆየውም እስከ ቀጣዩ ሳምንት ጁምዓ ብቻ እንደሆነ ተወራ። ዳኛው በዚያው ቀን ከቤታችን መጡ።

«አብሽሪ» አሏት እናቴን። «ነገ ጧት ቅሬውን እጠራለሁ። በቃሬዛ መርሳ፣ ከመርሳ በመኪና ወልድያ።»

«ቃሬዛ ላይ አልወጣም።»

«ምነው?»

«የልጆቼን አባት በቃሬዛ ነው የወሰዳችሁት። አልመለሳችሁልኝም። እኔ በነፍሴ አልወጣበትም።»

አባቴን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ዳኛው ነበሩ፤ መንገድ ላይ ነው ያረፈው። ከዘራቸውን አንስተው ሲወጡ ቅር እንዳላቸው ከትከሻቸው ያስታውቅ ነበር።

«እንግዲህ በልጄ መኪና ነው የምሄድ» አለች እናቴ፣ እንደሚሰሟት አውቃ።

መሪውን ቆጡ ላይ ሳልወጣ፣ ከመሰላሉ ሆኜ ከጋቢው ሥር ስቤ አወረድኩና መኪናውን ገጣጥሜ አስነሳሁ። ፍራሽ ከኋላ አነጠፍኩ፣ እናቴን በአንሶላ ይዘን ጫንናት። ከግቢው በር ሳንወጣ የመጀመሪያው ቦይ ላይ ጮኸች። እናቴ ስትጮኽ በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ያው መሪ ነው፣ ቆጥ ላይ የነበረው።

ችግሩ ግልጽ ነው። ይህ መኪና የተሠራው ለሽንኩርት ነው። ከኋላ ያለው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው ብረት፣ ሰባት ድርብ ነው። ጭነት ሲሞላ ይለሰልሳል፤ አንዲት ቀጭን እናት ስትተኛበት ግን መኖሯንም አያውቅም፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ በቅሎ ይራገጣል። የቀበርኳቸውን ሾኮች ቆፍሬ ሳወጣቸው ደግሞ ፌስታሉ ውሃ ይዞ ኖሮ ዘንጋቸው ዝጎ ደርቋል። ልቤ የተቃጠለው ያኔ ነው። በዚህ መኪና ምክንያት ወደቀች፣ በዚሁ መኪና መዳን አለባት ብዬ ማልኩ። ሰው ሲናደድ የሚምለው ነገር ለሌላው ሰው ትርጉም ላይሰጥ ይችላል።

መርሳ የሚኖረውን በያጅ ጓደኛዬን አስጠራሁት። አብረን የተማርን፣ አብረን የተገረፍን ነን። መብራት ከጠፋ ወራት ስለሆነ ብየዳ የማይበይድ በያጅ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሥራ የፈታ ባለሙያ አደገኛ ነው፤ ሐሳቡ ብቻ ይሠራል። የኋላውን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ እኮ ቀላል ነው» አለ። ከሱ አፍ ይህ ቃል ከወጣ ነገሩ እንደማያልቅ ማወቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ሁለት ሾክ በአህያ ጭኖ መጣ። ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቃጥለው ከቀሩ መኪኖች የፈታቸው ናቸው።

«የማን ናቸው?» አልኩት።

«አንዱ የነዚያ ነው፣ አንዱ የነዚህ።»

«የቱ የማን ነው?»

«ሾክ ባንዲራ የለውም» አለኝ ተቆጥቶ።

ባንዲራ ባይኖራቸውም ጠባያቸው ለየቅል ነበር። የግራው በጣት ስፋት ይረዝማል። የቀኙ ሲገፉት ቶሎ ይገባና ቶሎ ይወጣል፤ የግራው ገብቶ ይዘገያል። በያጁ ማያያዣውን ብረት በመጋዝ ቆርጦ፣ አዲስ ቀዳዳ በአናጢ የእጅ መሰርሰሪያ ግማሽ ቀን እያዞረ አበጀና በቡሎን አሰረው። ከባሌስትራው ሰባት ድርብ ሦስቱን አወጣን። ከዚያ እኔ መሪ ጨብጬ፣ እሱ ከኋላ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ጉዞ ጀመርን።

መለስለሱን ለስልሷል። ግን አይቆምም። አንድ ጉድጓድ ከመታ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ በዚያ ላይ ሁለቱ ሾኮች ስለማይስማሙ የቀኙ ሲነሣ የግራው ይቀመጣል፣ መኪናው እስክስታ የሚወርድ ይመስላል። በያጁ ስንመለስ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ወረደ፤ ሁለት ቀን እንደዚያው ቆየ።

ዳኛው አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩ ነበር። ቅሬታቸው አልለቀቃቸውም፤ ግን ከዚያ አጥርም አይለቁም።

«ጌቶቻቸው ሳይታረቁ እነሱ እንዴት ይታረቃሉ?» አሉ።

«ዘይታቸው የተለያየ ስለሆነ ነው» አለ በያጁ፣ ከተጣመመ አንገቱ ጋር። ነገሩን በእንጨት መሬት ላይ እየሣለ አስረዳን። ቱቦው ውስጥ ቀዳዳ ያላት ክዳን አለች፤ ዘንጉ ሲገፋት ዘይቱ በቀዳዳዋ ሾልኮ ያልፋል። ዘይቱ ቀጭን ከሆነ ይሮጣል፣ ወፍራም ከሆነ ይጎተታል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎናቸውን በስተን፣ የድሮውን አፍስሰን፣ አንድ ዓይነት ወፍራም ዘይት አጠጥተን ቀዳዳውን በቡሎን እንዘጋዋለን። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሌለው ዘይቱ ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ ባዶውን ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሞከርን፣ ቀጠነ። ከጭቃ ጋር የሚመሳሰል ግራሶ ሞከርን፣ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ፤ መኪናው እንደ ድንጋይ ሆነ። በመሃሉ እኔና በያጁ ተጣላን። «አንተና የአንተ ቀላል!» አልኩት። እሱም የትምህርት ቤት ጊዜ ስሜን ጠርቶ ሰደበኝ።

ያኔ ነው ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ የመጣው። ለቀናት ክርክራችንን በጀርባዋ ተኝታ ስትሰማ ከርማለች።

«ጉሎ አፍስሱበት!»

«እማ፣ ይሄ የመኪና ነገር ነው» አልኳት በበሩ።

«አባትህ ጠፍር የሚያለሰልሰው በጉሎ ነበር። የደረቀ ቁርበት የሚያለሰልስ ብረት የማያለሰልስበት ምን ምክንያት አለው?»

በያጁ ጭንቅላቱን እያከከ «ወፍራምነቱንስ ወፍራም ነው» አለ። ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ሞልቷል፤ ማንም ወታደር አልዘረፈውም። የሰፈሩ ሴቶች ለቅመው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አፍልተው ዘይቱን ከላይ ገፈፉ። ግቢያችን ለሁለት ቀን የሚያቅለሸልሽ ሽታ ሸተተ። ሁለቱ ሾኮች ከአንድ ጣሳ እኩል ተቀዳላቸው። ቡሎኖቹን ጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ደፍነን ገጠምን። የሠፈር ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ቦዩን ተሻገርኩት። የመኪናው ኋላ ዝቅ አለ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ዝም አለ። እንደገና ብሄድበትም እንደዚያው። በያጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ዓይኔን አቧራ ገብቶበታል አልኩ።

ረቡዕ ነበር። ሐኪሙ ጁምዓ ይሄዳል። ሐሙስ ጧት መነሣት አለብን። የናፍጣውን ታንከር በእንጨት ስለካው ወልድያ የሚያደርስ አለ፤ ከዚያ የሚተርፍ ግን የለም። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ የማወራው ታሪክ አይኖረኝም ነበር።

ዳኛው ከአጥሩ ተነሥተው መጡ። «መሞከር አለበት» አሉ።

«ሞከርነው እኮ። ጣሳ ሙሉ ውሃ ከኋላ አስቀምጠን አልፈሰሰም።»

«ውሃ አጥንት የለውም። አንዲት የቅሬያችን እናት ልትጫንበት ነው፤ አጥንቱ የሚያመው ሰው ተኝቶበት ይመስክር። የኔ ወገብ ካመመኝ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

እምቢ ማለት አይቻልም። ቃሬዛውን እምቢ ተብለዋል፤ ይህንንም ብከለክላቸው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቅያሜ ነው። ከዘራቸውን አቅፈው ፍራሹ ላይ ተጋደሙ፤ እስከ ወንዙ አድርሼ መለስኳቸው። «ዳሌ ከወገብ ስለሚለይ አንድ ጊዜ በጎኔ ልሞክረው» አሉ። በጎናቸውም ወሰድኳቸው። ስንመለስ የመንደራችን ቄስ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከቄሱ ኋላ የጎን አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ ከሱ ኋላ ኩላሊቱን የሚያመው፣ ከሱ ኋላ ጥርሱን የሚያመው ተሰልፏል።

«ጥርስ አጥንት አይደለም እንዴ?» አለኝ ጥርሱን የያዘው ሰውዬ፣ ሳልጠይቀው።

ሰዉ መኪና ከተሳፈረ ወራት አልፎታል። ከቤቱ ርቆ የሄደ የለም፤ መንገድ ማለት ፍርሃት ሆኖ ከርሟል። አሁን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሰማይ እያየ፣ ሳይንገጫገጭ ወንዝ ድረስ መሄድ ተገኘ። አንዱ ከወንዙ ማዶ ዘመድ አለኝ ብሎ ወርዶ ቀረ። አንዲት ሴትዮ ምን እንደሚያማት ስጠይቃት «ምንም» አለች፤ «ጤነኛም ይሞክረው እንጂ፣ ለሚዛን።» እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ደስታ አስክሮኝ ነበር። ሁሉም እየወረደ «ማሻአላህ፣ እንደ አልጋ ነው» ሲለኝ የናፍጣ ነገር ከራሴ ጠፋ። ዳኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ «በግራ ጎኔ አልሞከርኩትም» ነው ያሉት።

ሐሙስ ጧት እናቴን ጫንን። ዳኛው ቅሬውን በሙሉ ጠርተው ኖሮ ሰው ከግቢያችን ሞልቶ ውጭ ተርፏል። በሽተኛ ከመንደር ሲወጣ መሸኘት ግዴታ ነው፤ ቃሬዛ ይኑር አይኑር ደንብ ደንብ ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው መኪናውን ተከትሎ በእግሩ ተነሣ። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቦዩን አለፍኩ፣ ሁለተኛውን ቦይ አለፍኩ፣ ድንጋያማውን ወረድኩ። ከኋላ ድምፅ የለም። ጨነቀኝ።

«እማ!» አልኩ በኋላው መስኮት። «አመመሽ?»

«ኧረ አይደለም። መቼ ነው የምንነሣው?»

እንዲህ ያለ ደስታ ደግሜ አግኝቼ አላውቅም። መሪውን እየመታሁ ጮኽኩ። ወንዙን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ አንዴ አነጠሰ፣ ሁለቴ አነጠሰና ቆመ።

እንጨቱን ታንከሩ ውስጥ ከተትኩት። ደረቁን ወጣ።

የቅሬው ሰዎች ደረሱ። እንጨቱን አይተው ሁሉም ገባቸው። ቄሱ ጉልበታቸውን አዩ። ጥርሱን ያመመው ሰውዬ ወደ ተራራው ዞረ። ዳኛው ቀርበው በዝግታ «ቃሬዛው ከኋላ አለ። በሣር ሸፍነን አምጥተነዋል» አሉ።

«አልወጣም!» አለች እናቴ ከፍራሹ። ጆሮዋ አልተሰበረም።

«አንቺ ሴት፣ ነገ ሐኪሙ ይሄዳል!»

«ይሂድ። አንቱ ይውጡበት፣ ወገብዎን ያምዎት የለ?»

በሬ ቢኖር በሬ እንጠምድ ነበር፤ በሬዎቹ ግን የታረዱበት ዘመን ነው። ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የቅሬ ፍርድ ሲሰጡ እንደሚናገሩት ተናገሩ። «ናፍጣውን የጨረስን እኛ ነን። አንድ ጊዜ የተሳፈረ አንድ ፈረቃ ይጎትታል። ሁለት የተሳፈረ ሁለት። እኔ ሦስት ነኝ።»

ገመድ ከየወገቡ ተፈታ፣ ተገመደ፣ ከመኪናው ፊት ታሰረ። ዐሥራ አምስቱ ከፊት ሳቡ፣ የቀሩት ከኋላ ገፉ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሲደክማቸው ሳይቆሙ ይቀባበላሉ፤ ደንቡ የቃሬዛው ነውና ማንም አላሳረፈም። ዳኛው ሦስት ፈረቃቸውን ከፊት ሆነው ሳቡ። ከዘራቸውን በብብታቸው ይዘዋል፣ ያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያመመ ወገብ ምንም አልሆነ። እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ። የምሠራው አልነበረኝም፤ አፍሬ ማየት ብቻ።

ወደ መርሳ ከሚያስገባው ቁልቁለት አፋፍ ስንደርስ ግን መኪናው ሐሳቡን ለወጠ። በራሱ መውረድ ጀመረ። ከፊት ያሉት ገመዱን ጥለው ግራና ቀኝ ተበተኑ፣ ከኋላ ያሉት እየሮጡ የጭነቱን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን ያዙ፣ ሞተር ስለጠፋ ፍሬኑ እንደ ግንድ ከበደኝ። ዳኛው የት እንዳሉ ጠፍተውኝ ሳለ ራሳቸውን በጎኔ መስኮት ላይ አየሁት፤ ከበሩ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ያዘው እንጂ ልጄ! ያ ረቢ! ያዘው!»

«ይዣለሁ አባ፣ አልያዝ ብሎኝ ነው!»

ከኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ያማት መስሎኝ ነፍሴ ወጣች። እናቴ እየሳቀች ነበር። ከቆጥ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሠላሳ ሰው ከኋላዋ እየሮጠ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየቀደሙ፣ እሷ ፍራሹ ላይ ሆና ትስቃለች። ሾኮቹ አንድ ጉድጓድ አላሰሟትም።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሚሊሻዎች አስቆሙን። አንደኛው መኪናውን፣ ገመዱን፣ ላብ ያጠመቀውን ሕዝብ አየ።

«ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ትጎትቱታላችሁ?»

«ተሳፍረንበት ነበር» አሉ ዳኛው፣ እንደሚበቃ መልስ አድርገው። ሚሊሻው በእጁ እለፉ አለን።

መርሳ መግቢያ ላይ ናፍጣ በውሃ ፕላስቲክ የያዘ ሰው «ኧረ ናፍጣ አለ!» እያለ ቢከተለንም ማንም አልቆመለትም፤ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ሳይደርሱ ማሳረፍ ያስቀጣል። ስለዚህ ናፍጣው ከኋላችን እየሮጠ፣ እኛ መኪናውን እየጎተትን ጤና ጣቢያው በር ደረስን። እዚያ መኪናው ቆመ፣ ሰዉም መሬት ላይ ተዘረረ። በያጁ ናፍጣውን ቀድቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ሞተሩን አስነሣ። ከቀትር በኋላ ወልድያ ገባን፤ ዳኛው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ነበር፣ ማንም ይግቡ ሳይላቸው።

ሐኪም ቤቱ በሽተኛ የሚገፋበት ጎማ ያለው አልጋ አልቀረለትም። ከመኪና ወደ ውስጥ መውሰጃ ያለው ቃሬዛ ብቻ ነው። እኔና በያጁ ተያየን። ቁልፍ አወጣን፣ የመኪናውን የኋላ ስፖንዳ ፈትተን እናቴን በሱ ላይ ተሸክመን አስገባናት። ሐኪሙ ስፖንዳውን አየ፣ እናቴን አየ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«መኪና ነው» አለች እናቴ። «አልወረድኩም።»

ሐኪሙ አርብ ጧት፣ ከመሄዱ በፊት፣ ቀዶ ሕክምናውን ሠራላት። ብረት ገባ። «አጥንቱ ዘግይቷል፤ ቢሆንም በምርኩዝ ትሄዳለች» አለኝ። ኮሪደር ላይ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዳኛው ጀርባዬን በከዘራቸው ነካ ነካ እያደረጉ «በቃ፣ በቃ» አሉኝ።

እናቴ ከተመለሰች ወራት አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ በምርኩዟ ከመሰላሉ ሥር ቆማ አገኘኋት። ደነገጥኩ።

«አልወጣም፣ አትፍራ። ከጋቢው ኋላ ያለውን አውርድልኝ።»

መሰላሉን ወጣሁ። መሪው ተደብቆበት የነበረውን አሮጌ ጋቢ ገለጥ ሳደርግ የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከጀርባው ጀሪካኗ ቆማለች። ሙሉ ናት። ገመዱ አሁንም እጀታዋ ላይ ታስሯል።

«እማ፣ ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«መሪህማ ቀላል ነበር፤ በአንድ እጄ ነው ያወጣሁት። ተመልሼ ይቺን በገመድ ጎትቼ ከኋላው ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ክንዴ ዝሎ ስወርድ ነው የጣለችኝ። አይተህ እንዳትጨነቅ ብዬ፣ ኋላም ለክፉ ቀን ትሁነን ብዬ ዝም አልኩ።»

መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ወር ያን መሪ በያዝኩ ቁጥር እጄ ሲቃጠል እንደኖረ እሷ አታውቅም። መጀመሪያ ቀለለኝ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ።

«እና ያን ቀን ወንዙ ጋ ናፍጣ ሲያልቅብን ይቺ እዚህ መኖሯን ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? ጥላኝ እረሳታለሁ?»

«ቤታችን እኮ ቅርብ ነበር! አንድ ሰው ሮጦ ያመጣት ነበር! ያ ሁሉ ሰው መኪና ሲጎትት፣ ሽማግሌው በር ላይ ሲንጠለጠሉ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

እናቴ ምርኩዟን አስተካክላ ወደ በሩ አየች። ውጭ ዳኛው አጥሩን ተደግፈው ከአንድ ሰው ጋር ይከራከራሉ።

«ብነግርህ ኖሮ» አለች፣ «ሁሉም ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር።»